የጨርቅ የሰዓት ማሰሪያ ሲረዝም፦ ማጠፍ፣ መብሳት፣ መቁረጥ ወይስ ማሰፋት?

የጨርቅ የሰዓት ማሰሪያ ጥሩ ነገር ነው። ይታጠባል፣ ቶሎ አያረጅም፣ ቆዳም አያስቸግርም። ችግሩ ብዙ ጊዜ መርዘሙ ነው። ከውጭ አገር በዘመድ የተላከውም፣ ባህር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሱቅ የተገዛውም በአብዛኛው የተሠራው ወፍራም የእጅ አንጓ ላለው ሰው ነው። ቀጭን እጅ ያላት ሴት ወይም ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ሲያስረው ሰዓቱ ይዞርና መስታወቱ ወደ ታች ይሆናል። ጭራው ደግሞ ተርፎ ከሹራብ እጅጌና ከጋቢ ጋር እየተያያዘ ያስመርራል።

ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። አንዱ «ቁረጠውና በላይተር ለብለብ አድርገው» ይላል። ሌላው «አንድ ቀዳዳ ጨምርበት» ይላል። ሌላው ወደ ልብስ ሰፊ ይልካችኋል። ሁሉም እንደየቦታው ልክ ናቸው። ያለቦታው ከተሠራ ግን ደህናው ማሰሪያ ይበላሻል፤ ወይም ሰዓቱ መንገድ ላይ ወልቆ ይቀራል። ስለዚህ መቀሱን ከማንሳታችን በፊት መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ከሁሉም ይበልጣል፦ ችግሩ የትኛው ነው? ማሰሪያው *ልል* ነው ወይስ *ጭራው* ነው የረዘመው? እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰዓቱ በደንብ ተቆልፎ ጭራው ብቻ ከተረፈ፣ ችግሩ ጭራው ነው። ለሰዓቱ በቀረበው በመጨረሻው ቀዳዳ ተቆልፎም እጅ ላይ የሚዞር ከሆነ ግን ችግሩ ልልነት ነው። ጭራ መቁረጥ ልልነትን በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይቀንስም። ይህን ሳይለዩ ቆርጠው «አሁንም ይሰፋኛል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ጨርቁ ነው። ናይለንና ፖሊስተር በእሳት ይቀልጣሉ፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቁ ይፈስሱና ሲቀዘቅዙ ይጠነክራሉ። ጥጥ አይቀልጥም፣ ይነዳል። ለመለየት ከራሱ ከጨርቁ ጫፍ አንዲት ክር ምዘዙና በፒንሳ ይዛችሁ እሳት አስነኩት። ተኮማትሮ ጠንካራ ጠብታ ከሠራ ሰው ሠራሽ ነው። እንደ ወረቀት ተቃጥሎ፣ የወረቀት ሽታ ሰጥቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ይህች ፈተና አንድ ደቂቃ አትፈጅም፤ ግን ግማሹን ውሳኔ እሷ ትወስንላችኋለች።

ሦስተኛው፣ የሠራነውን ማፍረስ ይቻላል ወይ? የሚመለስ መንገድ እያለ የማይመለሰውን ማስቀደም አያስፈልግም። አራተኛው ጥንካሬ ነው። ማሰሪያው ሲጎተት የሚይዘው ስፌቱና ዘለበቱ ናቸውና እነሱን የሚነካ ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምቾትና ወጪ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ወጪው በየትኛውም መንገድ ከአዲስ ሰዓት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከመለካት በፊት

ማሰሪያው ጥጥ ከሆነ መጀመሪያ እጠቡትና በደንብ ይድረቅ። ጥጥ ሲታጠብ ይኮማተራል። ቆርጣችሁ ካጠባችሁት ከፈለጋችሁት በላይ ሊያጥር ይችላል።

አንጓችሁን ከሰዓት በኋላ ለኩ። እጅ በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይቀጥናል። በደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ ልክክ ብሎ የታሰረ ሰዓት፣ ከደጀን ወርዶ ዓባይ በረሃ ሲገባ እጅ ያንቃል። ስለዚህ ማሰሪያው ተቆልፎ ትንሿ ጣት በቀላሉ የምትገባበት ክፍተት ይኑር። የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ከዚህም ትንሽ ላላ ቢያደርገው ይሻለዋል።

ልልነቱ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሰዓቱን እሰሩና የተረፈውን ጨርቅ ከዘለበቱ አጠገብ ቆንጥጣችሁ ያዙት። የተቆነጠጠው ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚቀነሰው እጥፉ ነው፤ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የሚባለው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

1. ሳይቆርጡ ጭራውን ማጠፍ

ናቶ የሚባለውን ወጥ ማሰሪያ ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ረዥም የናይለን ጨርቅ ከሰዓቱ ጀርባ ስር የሚያልፍበት፣ የብረት ቀለበቶች ያሉት ነው። መነሻው የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር በ1973 እ.ኤ.አ. ለወታደሮቹ ያወጣው መስፈርት ነው። ርዝመቱ 28 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ዛሬም አብዛኛው በዚያው ገደማ ይሠራል። አንጓው 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ጭራው መትረፉ ግድ ነው።

ይህ ማሰሪያ ግን መፍትሔውን ይዞ ነው የመጣው። ጭራውን በዘለበቱና በቀለበቶቹ አሳልፉት። ከዚያ ወደ ውጭ አጥፋችሁ መልሱና በብረት ቀለበቱ ስር ሸጉጡት። አለቀ። ምንም አልተቆረጠም፣ ምንም አልወጣም። ጉዳቱ በዚያ በኩል መወፈሩ ነው፤ ጠባብ እጅጌ ያለው ሸሚዝ ለሚለብስ ይከብዳል። ልልነትንም አያስተካክልም። ለጭራ ችግር ግን መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ሳምንት ሁለት ሳምንት አድርጋችሁት ካልተመቻችሁ ያኔ መቀሱ አለ።

2. ቀዳዳ መጨመር

ለልልነት ቀላሉ መልስ ይህ ነው። አዲሱ ቀዳዳ ከመጨረሻው ቀዳዳ ወደ ሰዓቱ በኩል ይበሳል። በነባሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩና ያንኑ ጠብቁ። ቀዳዳው በማሰሪያው ወርድ መሃል ካልዋለ ሰዓቱ ጠምዘዝ ብሎ ይቀመጣል። በእርሳስ ምልክት አድርጉና ከሁለቱም ጠርዝ ለክታችሁ አረጋግጡ።

ናይለን ከሆነ ቀጭን ሚስማር ወይም ወፍራም መርፌ በፒንሳ ይዛችሁ አግሉ። ማሰሪያውን እንጨት ላይ ዘርጉና በቀጥታ ወደ ታች ውጉት። ክሩ ዙሪያውን ቀልጦ ስለሚያያዝ ቀዳዳው አይተረተርም። መጀመሪያ ጠበብ አድርጉት፤ የዘለበቱ ምላስ ካላለፈ ማስፋት ይቻላል፣ የሰፋውን ግን ማጥበብ አይቻልም።

ጥጥ ከሆነ የጋለ ብረት አታስነኩት። እዚህ ላይ በብዙ የጎጃም ቤት የማይጠፋው ወስፌ ጥሩ መሣሪያ ነው። ወስፌ ክሩን አይቆርጥም፣ ገለል አድርጎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ጨርቁ ጥንካሬውን አያጣም። በወስፌ ከፍታችሁ ዙሪያውን በክር፣ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ እንደሚዘመዘመው አድርጋችሁ ዘምዝሙት። መቀስ ወይም ምላጭ ግን ክሩን ስለሚበጥስ ቀዳዳው ቀን በቀን እየሰፋ ይሄዳል።

የተጎነጎነ የናይለን ማሰሪያ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የዘለበቱ ምላስ በፈለጋችሁት ቦታ በጉንጉኑ መካከል ስለሚገባ ቀዳዳ መብሳት አያስፈልግም።

ወሰን አለው። ከሁለት በላይ ቀዳዳ መጨመር ካስፈለገ ይህን መንገድ ተዉት። የዘለበቱ ወገን ርዝመት ስላልተለወጠ ዘለበቱ ከእጅ መሃል ወጥቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ጠረጴዛ ላይ ስትጽፉ ይቆረቁራል፤ ሰዓቱም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ያኔ አራተኛው መንገድ ነው የሚያዋጣው።

3. ጭራውን መቁረጥ

በብዛት የሚሠራው ይህ ነው፤ በብዛት የሚበላሸውም ይኸው ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት ሰዓቱን ከማሰሪያው አውጡ። እሳት የውኃ መከላከያ ላስቲኩን፣ ባትሪውንና የፕላስቲክ መስታወቱን ይጎዳል። ጎን ለጎን የደረቀ ገለባ ወይም መጋረጃ አይኑር። ልጆችም ራቅ ይበሉ።

ሰዓቱን አስራችሁ የሚቆረጠውን ቦታ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉበት። ጭራው ከመጨረሻው ቀለበት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይለፍ። ወደ ጫፉ በኩል ቢያንስ ሁለት ትርፍ ቀዳዳ ይቅር። የሙቀት ቀን የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው።

ምልክቱ ላይ ስኮች ጠቅልሉና በስለታም መቀስ በስኮቹ መሃል ቁረጡ። ይህ ክሩ እንዳይተረተር ይይዛል። ጫፉን ቀጥ አድርጎ ከመተው ማዕዘኖቹን ትንሽ ክብ ማድረግ ይሻላል፤ በቀለበት ውስጥ ሲገባ አይታገልም። ስኮቹን አንሱና የላይተሩን ነበልባል ወደ ጫፉ አስጠጉ። ጨርቁ በእሳቱ ውስጥ አይግባ። ከታች ሰማያዊ በሆነው የነበልባሉ ክፍል ተጠቀሙ። ቢጫው ጥላሸት ያስቀምጣል፤ ሻማም ለዚሁ ነው የማይመረጠው። ሁለት ሰከንድ ይበቃል። የቀለጠውን በጣት አትንኩት። ቆዳ ላይ ተጣብቆ ክፉኛ ያቃጥላል። በእርጥብ ማንኪያ ጀርባ ጫን አድርጉት።

ሲቀዘቅዝ ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱ። የሚቧጭር ነገር ካለ በጥፍር ሞረድ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ይህን መዝለል የለባችሁም፤ የጠነከረ ናይለን ሳይታወቅ ቆዳ ይልጣል።

ላይተር የማትወዱ ከሆነ ያረጀ ቢላ በከሰል ላይ አግላችሁ ቁረጡበት። መቁረጡንና ማሸጉን በአንዴ ይጨርሰዋል። እኔ ይህን ከላይተር አስበልጣለሁ፤ ጫፉ ቀጥ ያለና ንጹሕ ይሆናል።

ለጥጥ ማሰሪያ እሳት ጨርሶ አይሠራም። ጫፉን 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፉና ዘምዝሙት። ማጠፉ ካወፈረው ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጫፉ ላይ ቀቡት፤ ክሩን ይይዛል። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ አታፍሱ። ከጥጥ ጋር ሲገናኝ በጣም ይሞቃል፣ እጅ እስከማቃጠል ይደርሳል። ሲደርቅም ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል።

በቬልክሮ የሚዘጋ ከሆነ ዝም ብላችሁ ጫፉን አትቁረጡ። የሚነክሰው ቁራጭ የተሰፋው ጫፉ ላይ ነው። ስፌቱን ፈታችሁ፣ ጨርቁን አሳጥራችሁ፣ ቁራጩን መልሳችሁ ትሰፉታላችሁ። ፀጉር ፀጉር የሚለውን ፊት እሳት ካስነካችሁት ከዚያ በኋላ አይዝም።

4. ከዘለበቱ በኩል ማሳጠር

ለእውነተኛ ልልነት ትክክለኛው ሥራ ይህ ነው። ዘለበቱ ራሱ ወደ ሰዓቱ ስለሚጠጋ በእጅ መሃል ይቀመጣል። ቀዳዳዎቹ እንደነበሩ ይቆያሉ፣ ከውጭም የተነካ አይመስልም። ግን መመለሻ የለውም፤ ትዕግሥትም ይጠይቃል።

መጀመሪያ ፎቶ አንሱት። ጨርቁ በየት ታጥፎ፣ ቀለበቱን በየት ይዞ እንደተሰፋ ፈትታችሁ ስታበቁ አይታወስም። ከዚያ የስፌቱን ክር በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ በጥሱ። ጨርቁን እንዳትነኩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ዘለበቱ በሚያዝበት እጥፋት ላይ ምላሱ የሚወጣበት ሞላላ ስንጥቅ አለ። ጨርቁን ካሳጠራችሁ ያ ስንጥቅ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ስንጥቅ በአዲሱ እጥፋት ላይ መውጣት አለበት። የድሮውን ቁመት ለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው። የእጥፋቱ መስመር በስንጥቁ መሃል ማለፍ አለበት። ናይለን ላይ በጋለ ሚስማር ሁለት ቀዳዳ በስታችሁ አገናኟቸው። ጥጥ ላይ ክፈቱና ጠርዙን ዘምዝሙት።

ከአዲሱ እጥፋት በኋላ ለስፌት ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አስቀሩ፣ የቀረውን ቁረጡ። ናይለን ከሆነ ጫፉን ለብለብ አድርጉት። ቀለበቱንና ዘለበቱን አስገቡና እጠፉ። ስፉት። ክሩ የፖሊስተር ወይም የናይለን ይሁን። የጥጥ ክር ላብና ውኃ ቶሎ ይበላዋል። ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ በውስጡ መስቀለኛ ቢኖረው ይጠነክራል። መርፌውን ወደ ፊት አውጥታችሁ ግማሽ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ሂዱ፤ አንዱ ክር ቢበጠስ እንኳ ሌላው አይፈታም። ሁለት ዙር በቂ ነው።

ሲያልቅ ከማሰራችሁ በፊት ፈትኑት። በሁለት እጅ ይዛችሁ በኃይል ጎትቱ። የሚበጠስ ከሆነ ዓባይ ዳር ሳይሆን እዚያው አልጋ ላይ ይበጠስ።

ላስቲክ ያለበት ማሰሪያም በዚሁ በስፌት ብቻ ነው የሚያጥረው። ሙቀት ላስቲኩን ያላላዋል።

5. ለባለሙያ መስጠት

እጃችሁ ለመርፌ ካልተገዛ ወይም ሰዓቱ የሚሳሱለት ከሆነ፣ አራተኛውን ሥራ ለባለሙያ ስጡ። ገበያ ውስጥ የስፌት መኪና ዘርግቶ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ቀጭን ማሰሪያ በደንብ ይሰፋል። ጨርቁ ወፍራምና ድርብርብ ከሆነ ግን መርፌው ይሰበርበታል። ያኔ ጫማ ሰፊ ይሻላል፤ ወፍራም መርፌና ጠንካራ ክር አለው። በማስቲሽ ልለጥፈው ካላችሁ ግን «ስፌት ብቻ» በሉ። ማጣበቂያ ብቻውን የሰዓት ክብደትና የቀን ላብ አይችልም።

ዋናው ነገር የምትፈልጉትን በግልጽ መናገር ነው። «አሳጥሩልኝ» ብቻ ካላችሁ ጭራውን ቆርጠው ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እንዲህ በሉ፦ «ጋሼ፣ ጭራውን አይንኩት። በዘለበቱ በኩል ይፍቱና እዚህ ምልክት ላይ አጥፈው ይስፉልኝ። ለምላሱም ቀዳዳ ያውጡለት።» ምልክቱን ራሳችሁ አድርጉ። ሰዓቱን ነቅላችሁ ማሰሪያውን ብቻ ስጡ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ጭራ ያሳጥራል? | ልልነት ያስተካክላል? | ይመለሳል? | የሚስማማው ጨርቅ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማጠፍ | ይሸሽጋል | አይ | አዎ | ወጥ ናይለን | የለም |
| ቀዳዳ መጨመር | አይ | አዎ፣ እስከ ሁለት ቀዳዳ | አይ፣ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው | ናይለን በጋለ ብረት፣ ጥጥ በወስፌ | የለም |
| ጭራ መቁረጥ | አዎ | አይ | አይ | ናይለን፤ ጥጥ ከተዘመዘመ | ላይተር ወይም ክር |
| ከዘለበቱ ማሳጠር | አይ | አዎ፣ በደንብ | አይ | ሁሉም | መርፌና ክር |
| ባለሙያ | እንደ ትእዛዙ | አዎ | አይ | ሁሉም | የእጅ ዋጋ |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ የሌለው ተማሪ ከማጠፍ ይጀምር። ከላላበት አንድ ቀዳዳ ይጨምር። ሁለቱም ያለ ሳንቲም ይሠራሉ።

ለልጅ ከሆነ ምንም አትቁረጡ። ልጁ ያድጋል። በዘለበቱ አጠገብ ጨርቁን ወደ ውጭ አጥፋችሁ በጥቂት ክር ስፉት። እጁ ሲወፍር ክሩን ትፈቱታላችሁ። እጥፋቱ ወደ ውስጥ ከሆነ ቆዳውን ይቆረቁረዋል። መርፌ ቁልፍ የምትጠቀሙ ካላችሁ ግን አውጡት፤ ልጅ እጅ ላይ የሚያስቀምጡት ነገር አይደለም።

እርሻ ላይ ወይም ግንባታ ላይ ለሚውል ሰው ናይለን ይሁንለት፤ ጭራውን ቆርጦ በደንብ ያሽገው። የተንጠለጠለ ጭራ በመሣሪያ ይያዛል። ጥጥ በጎጃም ክረምት ዝናብ ርሶ ስለሚውል ይሸታል፣ ስፌቱም ቶሎ ያረጃል።

ቀጭን አንጓ ላላት እናት ወይም ከአባት ለተወረሰ ሰዓት የዘለበቱን መንገድ ምረጡ፣ ለባለሙያ ክፈሉ። ዋናው ማሰሪያ ራሱ ማስታወሻ ከሆነ ግን ከመቁረጥ ይልቅ አውልቃችሁ አስቀምጡት። ማሰሪያው በሚገባባቸው በሰዓቱ ሁለት ቀንዶች መካከል ያለውን ስፋት ለኩ፤ 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። በዚያ ስፋት ሌላ አጭር ማሰሪያ ግዙለት።

ስማርት ሰዓት ያላችሁ ደግሞ ሰዓቱ ላይ የሚሰካውን የማሰሪያውን ጫፍ አትንኩ። ያ ክፍል ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከተበላሸ ምትኩ በቀላሉ አይገኝም። የልብ ምት የሚለካው ሰዓቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ነውና ልልነቱ ከተቸገራችሁበት ከጭራው በፊት እሱን አስተካክሉ።

ማንኛውንም ስፌት ከሠራችሁ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት እጠቡትና አንዴ መርምሩት። ክሩ የሚላላ ከሆነ ያኔ ይታያል። የወጣ ጫፍ ካያችሁ አትጎትቱት፤ በመቀስ ከስሩ ቁረጡትና ቦታውን በድጋሚ ስፉት።